አዲሱ ኮምፒዩተር የሒሳቡን ፎልደር አልከፍትም ሲል

አምስት አዳዲስ ኮምፒዩተሮች ገዝተው ለሒሳብ ክፍልዎ አስገቡ እንበል። ዕቃው ኦሪጅናል ነው፤ ዋጋውም ደህና ነው። በማግስቱ ጠዋት ሒሳብ ሠራተኛዋ በጋራ ማስቀመጫው ላይ ያለውን የፒችትሪ ፎልደር ልትከፍት ስትሞክር ማሽኑ አላስገባም ይላል። አጠገቧ ያለው አሮጌ ኮምፒዩተር ግን ያንኑ ፎልደር ያለ ምንም ችግር ይከፍታል። ሻጩ ሲጠየቅ «ኮምፒዩተሩ ጤነኛ ነው» ይላል። ኔትዎርኩን የዘረጋው ባለሙያ ደግሞ «እስከ ትናንት ይሠራ ነበር» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ቀሪውን ዕቃ ሳያውቅ፣ ከማን ምን ያህል እንደሚፈልግ ሳያይ የሚውለው ግን ነጋዴው ነው።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላቆመ፣ ወደ ዊንዶውስ 11 የሚሻገር ቢሮ ሁሉ ይህን በር ማንኳኳቱ አይቀርም።

በኮምፒዩተሩና በሰርቨሩ መካከል ክላየንት የሚባል ፕሮግራም አለ። የተጠቃሚውን ስምና የይለፍ ቃል ለሰርቨሩ የሚያቀርበው እሱ ነው። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሲለወጥ የመግቢያው ደንብ አብሮ ሊለወጥ ይችላል። ያን ጊዜ አንደኛው ወገን በአሮጌው ደንብ ከቀረ መግባባት የለም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የብዙ መሥሪያ ቤቶች ሰርቨር የሚሠራው በኖቬል ኔትዌር ነበር። የኖቬል ክላየንት በዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ ሲጫን ጂና የተባለውን የመግቢያ ክፍል በራሱ ይተካ ነበር። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2006 ለድርጅቶች ባቀረበው ቪስታ ላይ ግን ጂናን ፈጽሞ አስቀረው። የኤክስፒው ክላየንት በአንድ ጊዜ ከጥቅም ውጭ ሆነ፤ ኖቬል ለቪስታ የሚሆን ሌላ ሠርቶ እስኪያወጣም ወራት አለፉ። ቸኩሎ የገዛ ሲጠብቅ፣ ኤክስፒን ያቆየ ሥራውን ቀጠለ።

የአሁኑ ለውጥ የመጣው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2024 በወጣው የዊንዶውስ 11 እትም ነው፤ ቁጥሩ 24ኤች2 ይባላል። የዚህ እትም ፕሮ ዓይነት ሁለት ነገር አጥብቋል። አንደኛ፣ ከጋራ ፎልደር ጋር የሚለዋወጠው መልእክት ሁሉ የተፈረመ እንዲሆን ይጠይቃል፤ ማኅተም የሌለው ደብዳቤ አልቀበልም እንደሚል መዝገብ ቤት ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ያለ ስምና ያለ ይለፍ ቃል በእንግድነት መግባትን ከልክሏል። በየቢሮው ጥግ የተቀመጡ አሮጌ የጋራ ማስቀመጫዎች ደግሞ «ማንም ይግባ» ተብለው የተዘጋጁ ሊሆኑ ይችላሉ። ጠቡ እዚህ ላይ ነው።

ትክክለኛው መፍትሔ ብዙ ጊዜ ገንዘብ አይጠይቅም። በማስቀመጫው ላይ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ስምና የይለፍ ቃል ማውጣት፣ የመሣሪያውንም ፕሮግራም ማደስ ነው። መታደስ የማይችል ከሆነ ዕድሜው አልቋልና በሌላ መተካት አለበት። አንዳንድ ባለሙያ ግን በአምስት ደቂቃ ለመጨረስ ጥበቃውን ያጠፋል፤ ባስ ሲልም ኤስ.ኤም.ቢ. 1 የተባለውን አሮጌ አሠራር መልሶ ይከፍታል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ወደ 150 አገሮች የተዛመተው ዋናክራይ፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ቫይረስ፣ የገባው በዚሁ አሠራር ቀዳዳ ነበር። አምስት ደቂቃ ለማትረፍ የሚከፈል ዋጋ አይደለም።

ገበያ ለሚወጣ ሰው ሌላም ወጥመድ አለ። ላፕቶፑ «ዊንዶውስ 11 አለው» ሲባል ሆም ነው ወይስ ፕሮ ብለው ይጠይቁ። ሆም የተባለው ዓይነት ሠራተኞችን በአንድ ሰርቨር ከሚያስተዳድር ዶሜን ጋር አይገናኝም። በዋጋ የረከሰ መስሎ የተገዛው በኋላ የፕሮ ፈቃድ ያስገዛል።

ስለዚህ ፕሮፎርማ ሲሰበስቡ «ከነባሩ ሰርቨራችን ጋር ተገናኝቶ፣ የሒሳብ ፕሮግራማችንን ከፍቶ ሲታይ የምንረከበው» የሚል መስመር ያስጨምሩ። ሻጩ ካንገራገረ አንዱን ብቻ ገዝተው ለአንድ ሳምንት ይሞክሩት። ግዢው ሒሳብ ከሚዘጋበት ከሰኔ ጋር ከተጋጠመ ደግሞ፣ ሒሳቡ እስኪዘጋ ድረስ ከአሮጌዎቹ አንዱን አይሽጡት።