ተጨማሪ መረጃ፦ አስም በዘር ይተላለፋል?

አስም በቤተሰብ ሲደጋገም «የዘር ነው» ማለት የተለመደ ነው። በከፊል ልክ ነው፤ ከአንድ እንቁላል የተፈጠሩ መንትዮች ከሌሎች መንትዮች ይልቅ በሽታውን አብረው ይጋራሉ። ይሁን እንጂ ብቻውን አስም የሚያመጣ ዘረ-መል የለም፤ የተለዩት ብዙ ናቸው፣ የእያንዳንዳቸው ድርሻም ትንሽ ነው። ጎልቶ የሚታየው በ2007 እ.ኤ.አ. በ17ኛው ክሮሞሶም ላይ የተገኘው ልዩነት ነው፤ የዚህ ልዩነት ተሸካሚ የሆነ ሕፃን ጉንፋን በሚያመጣው ራይኖቫይረስ ተይዞ ደረቱ ሲር ሲር ካለ፣ ኋላ ለአስም የመጋለጥ ዕድሉ ከፍ ይላል።

አካባቢም ሚና አለው። በአሜሪካ የሚኖሩት አሚሽና ሁተራይት የተባሉ ሁለት የገበሬ ማኅበረሰቦች በዘር ይቀራረባሉ፤ ሆኖም አስም በሁተራይት ልጆች ላይ አራት እጥፍ ያህል ይበዛል። አሚሾች በባህላዊ መንገድ ከላሞቻቸው አጠገብ ሲኖሩ፣ ሁተራይቶች በማሽን ያርሳሉ። ከአሚሽ ቤቶች የተሰበሰበ አቧራ በአፍንጫቸው የተሰጣቸው የላቦራቶሪ አይጦች እንኳ ከአስም መሰል ሕመም ተጠብቀዋል። «ታዲያ ዘር ምን ሚና አለው?» የሚል ይኖራል። ንጽጽሩ ግን ተቀራራቢ ዘር ያላቸውን ወስዶ አካባቢን ስለሚለካ፣ ዘር ሚና የለውም ለማለት ማስረጃ አይሆንም። እንዲያውም በአውሮፓ ገጠሮች የከብት በረት ትንፋሻቸው ሲር ሲር እንዳይል የጠበቃቸው፣ ያንኑ የ17ኛው ክሮሞሶም ልዩነት የተሸከሙትን ሕፃናት ነው። ልዩነቱ የሚወስነው ሰውነት ለአካባቢው የሚሰጠውን ምላሽ እንጂ በሽታውን ራሱን አይደለም።