ሰማያዊው ሣጥን፦ ከፖሊስ መሥሪያ ቦታ እስከ ጓሮ ቢሮ

ከእንግሊዝ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማዎች መካከል እንደ «ዶክተር ሁ» ዕድሜ የጠገቡት ጥቂት ናቸው። ቢቢሲ የመጀመሪያውን ክፍል ያስተላለፈው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 23 ቀን 1963 ነው፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ዋናው ገጸ ባሕርይ በጊዜና በሕዋ የሚመላለስባት መንኮራኩር «ታርዲስ» ትባላለች። ካረፈችበት ቦታ ጋር ተመሳስላ እንድትሰወር ታስባ የተሠራች ብትሆንም መልኳን የሚቀያይረው መሣሪያ ተበላሽቶ በአንድ መልክ ቀርታለች። ያም መልክ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ የእንግሊዝ ፖሊስ ሣጥን ነው። ከውጭ ለአንድ ሰው የሚበቃ፣ ከውስጥ ግን ሰፊ አዳራሽ።

የድራማው ወዳጆች ይህን ሣጥን በጓሯቸው አስመስለው መሥራት ከጀመሩ ቆይተዋል። ብዙዎቹ ቅጂዎች ለፎቶ ማንሻ ወይም ለአትክልት ዕቃ ማስቀመጫ ያገለግላሉ። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ የቢሮ ሥራን ወደ ቤት ካመጣው ወዲህ ግን ጠረጴዛ፣ ወንበርና ሶኬት ገብቶላቸው እንደ ቢሮ የሚያገለግሉም አሉ። ነገሩን እንደ ቀልድ የሚያይ ሰው አይጠፋም። እኔ ግን በቁም ነገር ሊታይ ይገባል እላለሁ፤ ምክንያቱም ይህ ሣጥን ገና ከጅምሩ የአንድ ሰው ቢሮ ነበር። ቅጂውን ቢሮ የሚያደርግ ሰውም የቴሌቪዥኑን መንኮራኩር ብቻ ሳይሆን የፖሊሱን ሣጥን ቢያጠና ብዙ ይጠቀማል።

ፖሊሱ ምን ይሠራበት ነበር?

በብሪታንያ ምድር የፖሊስ ሣጥን መጀመሪያ የቆመው በግላስጎው ከተማ በ1891 ነው። ያኔ ሰማያዊም አራት ማዕዘንም አልነበረም፤ ከብረት የተሠራ፣ ስድስት ጎን ያለው፣ ቀይ ቀለም የተቀባ ነበር። ከዚያ ሰንደርላንድ በ1923፣ ኒውካስል በ1925 የየራሳቸውን አቆሙ። ዛሬ ሁሉም የሚያውቀውን ቅርጽ ለለንደን ፖሊስ በ1929 የነደፈው ጊልበርት ማኬንዚ ትሬንች የተባለ አርክቴክት ነው። ግድግዳው ኮንክሪት፣ በሩ ከቲክ እንጨት ነበር። በ1953 በለንደንና በዙሪያዋ 685 ያህል ሣጥኖች ቆመው ነበር።

በግራው በር ላይ ከትንሽ መዝጊያ ጀርባ ስልክ አለ። ማንም መንገደኛ መዝጊያውን ስቦ ያለ ክፍያ ፖሊስ መጥራት ይችላል። ቁልፉ ያለው ፖሊስ ደግሞ ወደ ውስጥ ይገባል። እዚያ የሚጠብቀው ዕቃ ዝርዝሩ አጭር ነው፦ በርጩማ፣ ጠረጴዛ፣ መጥረጊያና መወልወያ፣ የእሳት ማጥፊያ፣ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ። ፖሊሱ እዚያ ተቀምጦ ሪፖርቱን ይጽፋል፣ ምሳውን ይበላል፣ አንዳንዴም የያዘውን ተጠርጣሪ መኪና እስኪመጣ ያቆያል። ጣቢያው ሲፈልገው በጣሪያው አናት ላይ ያለው መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፤ እሱም አይቶ ወደ ስልኩ ይሄዳል።

በእጅ የሚያዝ የሬዲዮ መገናኛ ሲስፋፋ ሣጥኖቹ ሥራ ፈቱ። ከ1969 ጀምሮ ከለንደን መንገዶች እየተነሡ አለቁ። በብሪታንያ የሚኖር አንባቢ ግን ዛሬም ሊያያቸው ይችላል፦ ግላስጎው ውስጥ ጥቂቶች በቅርስነት ተጠብቀው ቆመዋል፤ በለንደን ኧርልስ ኮርት ባቡር ጣቢያ ደጃፍ በ1996 የተተከለ አዲስ ሣጥን አለ፤ ኤዲንብራ ውስጥ ደግሞ አሮጌዎቹ የብረት ሣጥኖች ቡና መሸጫ ሆነዋል።

ቅጂው ከየት ይቀዳል?

ቅጂ ሠሪ መጀመሪያ የሚገጥመው ጥያቄ የትኛውን ሣጥን ልቅዳ የሚለው ነው። የቢቢሲ የመጀመሪያው የቀረጻ ሣጥን ከእንጨት የተሠራ፣ ከእውነተኛው ያነሰ ነበር። ከ1980 ጀምሮ በፋይበርግላስ ተተካ፤ ድራማው በ2005 ሲመለስ ሣጥኑም ተለቅ ብሎ ወደ እንጨት ተመለሰ። በ2010 ደግሞ ሰማያዊው ቀለም ፈካ አለ። የቀረጻ ዕቃ የሚሠራው ተዋናይ በሩን ከፍቶ እንዲገባና ካሜራው ከውጭ እንዲያየው ነው፤ ሰው ውስጡ ሰዓታት እንዲቀመጥ አይደለም። ስለዚህ ቢሮ ለሚፈልግ ሰው የሚሻለው ውጫዊ መልኩን ከድራማው፣ ስፋቱንና አሠራሩን ከትሬንች ሣጥን መውሰድ ነው።

የእውነተኛው ሣጥን ጎን አንድ ሜትር ተኩል ገደማ፣ ቁመቱ ወደ ሦስት ሜትር የሚጠጋ ነው። ከዚህ ላይ የግድግዳው ውፍረት ይቀነሳል። ከውጭ 18 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ፣ በመሐል 50 ሚሊሜትር የፎም ሙቀት መከላከያ፣ ከውስጥ 9 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ ቢደረግ ሁለቱ ግድግዳዎች ተደምረው ከ15 ሴንቲሜትር በላይ ይወስዳሉ። የማዕዘን ምሰሶዎቹ ሲጨመሩ ለሠራተኛው የሚተርፈው 1 ሜትር ከ20 በ1 ሜትር ከ20 ያህል ነው። አነስ ያለውን የቀረጻ ሣጥን የቀዳ ሰው ጉልበቱን የሚዘረጋበት ቦታ ያጣል። ስስ የፋይበርግላስ ቅጂ የገዛም ከውስጥ ሞራሌ መግጠም ስላለበት ቦታው ይብስ ይጠብባል።

በሩ ለብቻው ሊታሰብበት ይገባል። በድራማው ሁለቱም በሮች ወደ ውስጥ ይከፈታሉ፤ ከወዲያ አዳራሽ አለ ተብሎ ስለሚታሰብ ችግር የለውም። በእውነተኛው ሣጥን ግን ስልኩን የያዘው ግራ በኩል ቋሚ ነው፤ የሚከፈተው ቀኙ ብቻ ሲሆን እሱም ወደ ውጭ ነው። ትንሽ ክፍል ውስጥ ወደ ውስጥ የሚዞር በር የወንበሩን ቦታ ይወስዳል፤ እሳት ቢነሣ ደግሞ መውጫውን ይዘጋል። በሩን ወደ ውጭ የሰቀለ ሰው ከበሩ ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ 50 ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለው ጠረጴዛ ገጥሞ፣ ከፊቱ ክንድ የሌለው ወንበር ማስገባት ይችላል። የኮምፒዩተሩ ስክሪን በግድግዳው ላይ ቢሰቀል ጠረጴዛው ለወረቀትና ለእጅ ነፃ ይሆናል። የስልኩ መዝጊያም ለጌጥ ብቻ መቅረት የለበትም፤ ከጀርባው ያለው ትንሽ ቦታ የኢንተርኔት መሣሪያውንና የሽቦውን ውስብስብ ለመደበቅ ይበቃል።

አየር፣ ብርድና ብርሃን

ከሁሉም በላይ ሊታሰብበት የሚገባው አየር ነው። ጣሪያው ከውስጥ 2 ሜትር ከ10 ቢሆን ሣጥኑ የሚይዘው አየር 3 ሜትር ኩብ ያህል፣ ማለትም 3,000 ሊትር ነው። ተቀምጦ የሚሠራ ሰው በሰዓት 18 ሊትር ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣል። በሩና መስኮቱ ጥርቅም ብሎ ከተዘጋ በ10 ደቂቃ ውስጥ 3 ሊትር ይጠራቀማል፤ ይህ ከክፍሉ አየር አንድ ሺሕኛው ነው። የውጭ አየር የሚይዘው ከዚህ ከግማሽም ያነሰ ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ አየሩ ይከብዳል፣ ራስ ይዞራል፣ ማዛጋት ይመጣል። ሰውየው ሥራው አሰልቺ የሆነበት ይመስለዋል እንጂ አየር እንዳጠረው አይጠረጥርም።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ከበሩ ሥር አየር ማስገቢያ ክፍተት፣ ከላይ ደግሞ ማስወጫ ያስፈልጋል። የሣጥኑ ጣሪያ እንደ ደረጃ ተደራርቦ የተሠራ መሆኑ እዚህ ይጠቅማል፤ በደረጃዎቹ መሐል ክፍተት ቢተው ዝናብ ሳያስገባ፣ ከውጭም ሳይታይ የሞቀውን አየር ያወጣል። ትንሽ ድምፅ አልባ ማራገቢያ ከመብራቱ ሥር ቢገባ ሥራው የተሟላ ይሆናል።

የለንደን ፖሊሶች የኮንክሪቱ ሣጥን ብርድ እንዳስመረራቸው ይናገሩ ነበር። በፎም የተሸፈነ የእንጨት ሣጥን ግን በተፈጥሮው ይሞቃል፤ የተቀመጠ ሰው ብቻውን 100 ዋት ያህል ሙቀት ይሰጣል፣ ኮምፒዩተሩም ይጨምርበታል። ስለዚህ ለክረምቱ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይበቃዋል። ከሰልም ሆነ ጋዝ የሚያነድ ማሞቂያ ግን በፍጹም መግባት የለበትም። የከሰል ጭስ በተዘጋ ክፍል ምን እንደሚያደርግ በአገራችን በየዓመቱ የሚሰማ መርዶ ነው፤ እዚህ ደግሞ ክፍሉ ከማንኛውም መኝታ ቤት ያነሰ ነው። ከፖሊሱ ዕቃዎች መካከል የእሳት ማጥፊያውም መቅረት የለበትም።

ብርሃኑን ትሬንች አስቀድሞ አስቦበታል። የሣጥኑ እያንዳንዱ ጎን በሁለት ዓምድ የተደረደሩ ስምንት ክፍልፋዮች አሉት፤ መስኮት የሆኑት የላይኞቹ ሁለቱ ናቸው። ብርሃኑ ከአራቱም አቅጣጫ፣ ከተቀማጭ ዓይን በላይ ይገባል። መስታወቱ ብርሃን አሳላፊ ግን የማያሳይ ዓይነት ከሆነ ፀሐይ ስክሪኑ ላይ አታንጸባርቅም፣ አላፊ አግዳሚም ወደ ውስጥ አያይም። የአናቱ መብራት ዛሬም ሥራ አለው፤ ከጠረጴዛው ሥር ማብሪያ ቢገጠምለት ሠራተኛው ስብሰባ ላይ ሲሆን ያበራዋል፣ ልጆቹም አይተው በር አያንኳኩም።

ከመትከል በፊት

ሣጥኑ መሬት ላይ በቀጥታ ከተቀመጠ እንጨቱ ከሥሩ ይበሰብሳል። ከኮንክሪት መሠረት ላይ ከፍ ብሎ መቆምና ነፋስ እንዳይገለብጠው በብሎን መታሰር አለበት። ከቤት የሚመጣው የኤሌክትሪክ መስመር ለመሬት ውስጥ የሚሆን፣ በብረት የተለበጠ ኬብል ይሁን፤ የኤሌክትሪክ ፍሳሽ ሲኖር ኃይሉን በቅጽበት የሚቆርጥ ብሬከርም ይኑረው። ይህን ሥራ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይሥራው።

በእንግሊዝ የሚኖር ሰው ደግሞ አንድ ቁጥር ልብ ይበል፦ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚሠራ የጓሮ ቤት ከአጥር በ2 ሜትር ውስጥ ከሆነ ቁመቱ ከ2 ሜትር ተኩል መብለጥ የለበትም። ሙሉ ቁመት ያለው ሣጥን ከዚህ ይበልጣል፤ ስለዚህ ወይ ከአጥሩ ይራቃል፣ ወይ ያጥራል፣ ወይ ፈቃድ ይጠየቅበታል። ቅርጹም ባለቤት አለው። ቢቢሲ በ1996 ንግድ ምልክት አድርጎ ሊያስመዘግበው ሲያመለክት የለንደን ፖሊስ የእኔ ነው ብሎ ተቃወመ፤ በ2002 ውሳኔው ለቢቢሲ ሆነ። ሠርቶ ለመሸጥ የሚያስብ ሰው ይህን አስቀድሞ ይወቅ።

ይህ ቢሮ ለሁሉም አይሆንም። ደንበኛ የሚቀበል፣ ትልልቅ ወረቀት የሚዘረጋ፣ ወይም በጠባብ ቦታ የሚጨነቅ ሰው ሌላ ይፈልግ። ለሚጽፍ፣ ለሚተረጉም፣ ሒሳብ ለሚሠራ፣ ቀኑን በስልክና በስክሪን ለሚውል ሰው ግን በሩ የሚዘጋ፣ የሥራ ሰዓቱ ሲያበቃም ወጥቶ የሚቆልፈው ክፍል ትልቅ ነገር ነው። እንጨት ከመግዛትዎ በፊት ግን ጓሮዎ ላይ 1 ሜትር ከ20 በ1 ሜትር ከ20 የሆነ አራት ማዕዘን በኖራ ያስምሩ። ጠረጴዛና ወንበር ያስገቡ፤ መስመሩን ሳይረግጡ ግማሽ ቀን ይሥሩ። ከተመቸዎት መለኪያውን ይዘው ወደ አናጢው ይሂዱ።