ፈጥኖ የተሰጠ ብያኔ

በኒው ዮርክ ከተማ በሐድሰን ወንዝ ዳር ቆማ የምትታየው፥ ኢንትሬፒድ የተባለችው አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ፥ እ.ኤ.አ. በ1943 ለጦርነት የተሰለፈች፥ በኅዳር 1944 በአንድ ቀን በሁለት የጃፓን አጥፍቶ ጠፊ አውሮፕላኖች ተመትታ ከእሳቱ የተረፈች፥ ከ1982 ወዲህም ቤተ መዘክር የሆነች ናት። ሕዝቡ በመድፎቿ ሲደነቅ፥ እኔ የሳንባ ሐኪም ነኝና ዓይኔ በቧንቧዎቿ ላይ ያርፋል።

በሆዷ ውስጥ ስምንት ቦይለሮች ለአራት ተርባይኖች እንፋሎት ያቀርቡ ነበር፤ ግለቱም ከ400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፍ ስለ ነበረ፥ ቧንቧው እሳት በማይበላው አስቤስቶስ ይጠቀለል ነበር። ቤንዚንና ቦምብ ጭኖ በባሕር ላይ ለሚያድር ሠራዊት ይህን መምረጥ ሞኝነት አልነበረም። ማዕድኑ ግን ሲቆረጥ ረቂቅ ቃጫ ሆኖ ይበንናል፤ ሳንባ ከገባም በኋላ ሰውነት ሊያሟሟው ስለማይችል ለብዙ ዘመን ሥራውን በስውር ይሠራል።

ከማዕድኑም ይልቅ የሚያስጨንቀኝ በ1946 የወጣ አንድ ጥናት ነው። ፍላይሸርና ባልደረቦቹ የባሕር ኃይል መርከቦችን ቧንቧ የሚሸፍኑ ከ1,000 የሚበልጡ ሠራተኞችን በራጅ መርምረው፥ አስቤስቶሲስን (በአስቤስቶስ ብናኝ የሚመጣውን የሳንባ ጠባሳ) በሦስቱ ብቻ ስላገኙ፥ ሥራው አደገኛ አይደለም ብለው በየኑ። ራጁ አልዋሸም፤ ነገር ግን ከመቶው 95ቱ አሥር ዓመት እንኳ ያልሠሩ ሲሆኑ፥ የታመሙት ሦስቱ ሁሉም ከ20 ዓመት በላይ የሠሩ ነበሩ። ምሥጢሩ በገዛ ሰንጠረዣቸው ተጽፎ ሳለ ሳያስተውሉት አለፉ። ሐኪሙ ኢርቪንግ ሴሊኮፍ ግን በ1942 በሠራተኞች ማኅበር መዝገብ የነበሩትን 632 ሠራተኞች ለ20 ዓመት ተከታትሎ፥ በ1964 የሟቾቹን ቁጥር ባሳተመ ጊዜ ያ ብያኔ ፈረሰ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካን ባሕር ኃይል የመሩት አድሚራል ዙምዋልት እንኳ በ2000 ያረፉት ሜሶቴሊዮማ በተባለው የሳንባ ሽፋን ካንሰር ነው።

ታሽጎ የተቀመጠ አስቤስቶስ ጎብኚን አይጎዳም፤ አደጋ ላይ የሚወድቀው እድሳት የሚሠራው ሰው ነው። ስለዚህ በክሊኒኬ ጡረተኛ የመርከብ ሠራተኛ ሲመጣ ራጁን ከማየቴ በፊት በየትኛው መርከብ፥ በየትኛው ዓመት እንደ ሠራ እጠይቃለሁ፤ ሚስቱም አብራ ከመጣች የሥራ ልብሱን ማን ያጥብ እንደ ነበር እጠይቃታለሁ። ወጣት ባልደረቦቼ ይህን የሽማግሌ ወግ ይሉታል፤ ደግሞም ወረፋው ረጅም ነው፥ አልፈርድባቸውም። እኔ ግን የሥራ ታሪክ ያልተጻፈበትን የሕመምተኛ መዝገብ፥ ራጁ ንጹሕ ነው ቢባልም፥ አልፈርምበትም።