በእርግዝና ጊዜ ታላቁን ልጅ ስለ ማጥባት፤ በሰርዶና በአዋሽ ሸለቆ አፋሮች ዘንድ

አንዲት እናት ልጇን ጡት ሳታስጥል እንደገና ብትፀንስ ታላቁ ልጅ መጥባቱን ይቀጥላልን ወይስ ከጡት ይለያል? ጥያቄው ሲታይ ለሐኪም እንጂ የሕዝብን ልማድ ለሚያጠና ሰው የሚገባ አይመስልም። ይሁን እንጂ በአፋር ምድር ነገሩ ከመንጋው፣ ከሃይማኖቱ ሕግና ከጋብቻው ሥርዓት ጋር ተሳስሮ ይገኛል። ከሰመራ ወደ አሰብ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ሰርዶ በመጋቢት 20 ቀን 1961 ዓ.ም. በመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሳ ስለ ነበር ስሟ በምድር ተመራማሪዎች ዘንድ የታወቀ ነው፤ ስለ ዓለቷ የተጻፈውም ስለ እናቶቿ ከተጻፈው እጅግ ይበልጣል።

አፋሮች ወተትን «ሐን»፣ ጡትን «አንጉ» ይሏቸዋል። ኑሯቸው በግመል፣ በፍየል፣ በበግና በላም ወተት ላይ የቆመ ስለ ሆነ አርግዞ መታለብ ምን እንደሚያመጣ ለማወቅ መጽሐፍ አያሻቸውም። ግመል እስከ 13 ወር ያህል ፅንሷን ትሸከማለች፤ በምትታለብበት ጊዜ እንደገና ካረገዘች ብዙውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ትነጥፋለች። ላም ግን አርግዛም ለብዙ ወራት ትታለባለች። እንግዲህ መንጋው ራሱ ለጥያቄው የሚሰጠው መልስ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ሴት ልጅም በዚህ ረገድ ከግመል ይልቅ ለላም ትቀርባለች።

የሃይማኖቱ ሕግ በበኩሉ ነገሩን በዝርዝር ያውቀዋል። በቁርኣን የማጥባት ሙሉ ዘመን ሁለት ዓመት ነው፤ ወላጆች ተመካክረው ቢስማሙ ግን ከዚያ አስቀድመው ማስጣል ይችላሉ። የሐዲስ ሊቃውንት ደግሞ «ጊላ» ስለሚባለው ነገር ብዙ ተከራክረዋል። ኢማም ማሊክ ጊላ ማለት ባል የምታጠባ ሚስቱን መገናኘቱ ነው ሲሉ፣ ሌሎች የቋንቋ ሊቃውንት ሴት አርግዛ ማጥባቷ ነው ብለው ተርጉመውታል። ጁዳማ ቢንት ወህብ ባስተላለፈችውና በሙስሊም ስብስብ ውስጥ በሚገኘው ሐዲስ እንደሚነገረው ነቢዩ ሙሐመድ ጊላን ለመከልከል አስበው ነበር፤ ነገር ግን ሮማውያንና ፋርሶች ይህንኑ እያደረጉ ልጆቻቸው እንደማይጎዱ ባሰቡ ጊዜ ክልከላውን ተዉት። አስማ ቢንት የዚድ ያስተላለፈችውና በአቡ ዳውድ ስብስብ ውስጥ ያለው ግን ተቃራኒውን ያመለክታል፤ በዚህኛው የጊላ ጉዳት በሕፃንነት ሳይገለጥ ቆይቶ፣ ልጁ አድጎ ፈረሰኛ በሆነ ጊዜ ደርሶበት ከፈረሱ ይጥለዋል። የመጀመሪያው ሐዲስ የአንድን ልማድ ጉዳት ለመመዘን የሌሎችን ሕዝቦች ኑሮ ማስረጃ አድርጎ ማቅረቡ በዚህ መጽሔት አንባቢዎች ዘንድ ልዩ ትኩረት የሚገባው ነው። ሁለተኛው ደግሞ በብዙ የኢትዮጵያ ስፍራዎች እናቶች የእርጉዝን ወተት በመፍራት፣ ማርገዛቸውን እንዳወቁ ልጁን ከጡት ከሚለዩበት ምክንያት ጋር ይቀራረባል። በደጋው የጡቱን ጫፍ እሬት መቀባት የታወቀ ዘዴ ነው።

ልጁ ከእናቱ ጡት ቢለይ ሌላ ሴት ታጥባው ማለት ቀላል ይመስላል። ችግሩ ግን እዚህ ላይ ይጠናል። በእስልምና ሕግ ያጠባች ሴት እናት ትሆናለች፤ የወለደቻቸውም ለጠባው ልጅ ወንድምና እኅት ይሆኑና ጋብቻ ይከለከላል። በሻፊዒ መዝሐብ ይህ ዝምድና የሚጸናው ልጁ ሁለት ዓመት ሳይሞላው አምስት ጊዜ ለየብቻው ሲጠባ ነው፤ በሐነፊና በማሊኪ መዝሐብ ግን ጥቂቱም ይበቃል። በአፋሮች ዘንድ ደግሞ «አብሱማ» የሚባል የጋብቻ ሥርዓት አለ፤ ይኸውም ወንድ ልጅ የአባቱን እኅት ልጅ ለማግባት ቅድሚያ ያለው መብት ነው። እነዚህ ሁለት ሥርዓቶች በአንድ ቤት ሲገናኙ የሚከተለውን ማስላት ይቻላል። የአባቱ እኅት ወንዱን ልጅ ብታጠባው፣ ወደ ፊት ሊያገባት የሚገባው ልጅ እኅቱ ሆና ትቀራለች። የአባቱ እናት ብታጠባው ደግሞ እርሱ ለአክስቱ ወንድም ይሆናል፤ የአክስቱ ልጅም የእኅቱ ልጅ ስለምትሆን ጋብቻው አሁንም ይፈርሳል። ለሴት ልጅም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ የእናቷ ወንድም ሚስት ወይም የእናቷ እናት ብታጠባት የአብሱማ ባሏን ታጣለች። ስለዚህ ለልጁ በዝምድና የሚቀርቡት ሴቶች፣ ጡታቸውን ሊሰጡት የማይገባቸው እነርሱው ሆነው ይገኛሉ። በቀድሞው ዘመን በደጋው «የጡት ልጅ» መሆን ጥበቃና ዝምድና ለማግኘት ተፈልጎ የሚፈጸም ሥርዓት ነበር፤ በአብሱማ አገር ግን ያው የጡት ዝምድና ብዙ ዘመን የታሰበ ጋብቻን የሚያፈርስ ነው።

እንግዲህ ለታላቁ ልጅ የሚቀሩለት ሁለት ናቸው፤ የእናቱ ጡትና የመንጋው ወተት።

ስለ እናቱ ጡት የዛሬው ሕክምና የሚለው በአጭሩ ይህ ነው። ከእርግዝናው እኩሌታ ገደማ ጀምሮ ወተቱ ይቀንሳል፤ ጣፋጭነቱ እየጎደለ ጨዋማነቱ ይጨምራል፤ በመጨረሻም ወደ እንገርነት ይለወጣል። ብዙ ልጆች በዚህ ምክንያት ራሳቸው ጡት ይጥላሉ። እርግዝናው ጤናማ ከሆነ ማጥባት ያስወርዳል የሚለው ፍርሃት ማስረጃ አልተገኘለትም፤ ወተቱም ታላቁን ልጅ አይመርዝም። ይሁን እንጂ ዋጋው በእናቲቱ ሥጋ ላይ ይከፈላል፤ ማጥባት ብቻውን በቀን እስከ 500 ካሎሪ ያህል ተጨማሪ ምግብ ይጠይቃልና። በጓቴማላ ገጠር ተደርጎ በ1990 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከተመዘገቡት እርግዝናዎች እኩሌታው ያህሉ ከማጥባት ጋር የተደራረቡ መሆናቸውን ገልጧል፤ የፅንሱ ዕድገት ብዙም ሳይጎዳ የእናቶቹ ስብ ቀንሶ ተገኝቷል። በፔሩ ተደርጎ በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመው ደግሞ እናቱ በእርግዝና ሳለች ታላቁን ስታጠባ የቆየች ሕፃን በመጀመሪያው ወር የጨመረው ክብደት ከሌሎቹ በ125 ግራም ያህል ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ፈረሰኛውን ስለሚጥለው ጉዳት የተነገረው እንዲህ ባለው መለኪያ የተረጋገጠ ባይሆንም፣ ማጥባቱ ያለ ዋጋ እንዳልሆነ ያስጠነቀቁት ሰዎች ፈጽመው አልተሳሳቱም።

ከጡት የተለየው ልጅ የሚጠብቀው አደጋ ከዚህ ይከፋል። በዛሬይቱ ጋና ትሠራ የነበረችው ሐኪም ሲስሊ ዊልያምስ በ1933 እ.ኤ.አ. የገለጸችው በሽታ ክዋሺዮርኮር የሚለውን ስሙን ያገኘው ከጋ ሕዝብ ቋንቋ ነው፤ ታናሹ ሲመጣ ከጡት የተፈናቀለውን ልጅ የሚይዝ በሽታ ማለት ነው። በሽታው የሚመጣው በእርጉዝ ወተት ምክንያት ሳይሆን በወተቱ ፋንታ ሥር ወይም እህል ብቻ በመሰጠቱ ነው። በኢትዮጵያ ደጋ ከጡት የተለየ ልጅ ወደ አጥሚትና ወደ ፍትፍት ይሸጋገራል፤ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ፋፋ የተባለው የሕፃናት ምግብ የተዘጋጀውም ይህን ክፍተት ለመሙላት ነበር። የአፋር ልጅ ግን መንጋው በሚታለብበት ጊዜ ከጡት ወደ ወተት ይሻገራል፤ በዚህ ረገድ ከደጋው ልጅ የተሻለ ዕድል ነበረው።

«ነበረው» መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም። በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ከተቋቋመና በተንዳሆ ሚቸል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ የጥጥ እርሻውን ካስፋፋ በኋላ፣ በበጋ ወራት መንጋው ይሸሸግበት የነበረው የወንዙ ዳር ግጦሽ እየጠበበ ሄደ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ድርቅ በመጣ ጊዜ ብዙ ከብትና ብዙ ሰው አለቀ። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት በአፋር ክልል አንዲት ሴት በአማካይ 5.5 ልጆች እንደምትወልድ፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናትም 41 በመቶ የቀነጨሩ፣ 18 በመቶ ያህሉ የከሱ መሆናቸውን መዝግቧል። ልጆች ተቀራርበው በሚወለዱበትና መንጋው በሳሳበት ቤት፣ ጡት የሚጥለው ልጅ የሚሻገርበት ወተት ስለ ማይገኝ ምርጫው ለእናቲቱ እጅግ ጠባብ ነው።

ጥበቱም እንደ ወራቱ ይለያያል። አፋሮች ዓመቱን ሲከፍሉ ከሐምሌ እስከ መስከረም ያለውን ዋናውን የዝናብ ወቅት ካርማ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ የሚጥለውን አጭር ዝናብ ሱጉም፣ በእነዚህ መካከል ያለውን የግንቦትና የሰኔ ሐሩር ሐጋይ ይሉታል። በካርማ የምትፀንስ ሴት የእርግዝናዋ የመጀመሪያ ወራት ሣር ባለበትና ፍየሎቹ በሚታለቡበት ጊዜ ላይ ስለሚውል ታላቁን ልጅ ወደ ወተት ማሻገር ትችላለች። በጥር ወይም በየካቲት የፀነሰችው ግን በሐጋይ መካከል ስትደርስ የራሷ ወተት ወደ እንገር መለወጥ ይጀምራል፤ ግመሎቹ ግጦሽ ፍለጋ ርቀው ሄደዋል፤ በቤቱ አጠገብ የቀሩት ፍየሎችም ነጥፈዋል።