ሥሩ ሳይቀርብ ሥራ የለም

በፊጂ ገጠር ቧንቧ ሊዘረጋ ወይም ሕፃናት ሊያስተምር የሚሄድ የውጭ አገር ሰው ከመሣሪያውና ከወረቀቱ በፊት የሚሸምተው ነገር አለ፤ ከከተማ ገበያ የተገዛ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ አንድ እስር ደረቅ ሥር። ፊጂያውያን ያንጎና ይሉታል፣ ሌላው ዓለም ካቫ። ተክሉ የቁንዶ በርበሬ ዘመድ ነው።

ሥሩን አቅርቦ ወደ መንደር የመግባት ሥርዓት ሴቩሴቩ ይባላል። እንግዳ በቀጥታ ሰው ቤት አይዘልቅም። መጀመሪያ የመንደሩን ሹም፣ ቱራንጋ ኒ ኮሮን ያገኛል፤ እሱ ወደ ባላባቱ ይወስደዋል። ባርኔጣ ይወልቃል፣ ጫማ ደጅ ይቀራል፤ ወንዱም ሴቷም ሱሉ የተባለውን ሽርጥ ያገለድማሉ።

ከዚያ ሁሉም እግሩን አጣጥፎ ምንጣፍ ላይ ይቀመጣል። ሥሩ ከእጅ ወደ እጅ አይሰጥም፤ ከባላባቱ ፊት መሬት ላይ ይቀመጣል። እንግዶቹን የሚወክል ሰው ከየት እንደመጡና ጉዳያቸው ምን እንደሆነ ጎንበስ ብሎ ይናገራል። ባላባቱ ብዙውን ጊዜ ዝም ነው፤ መልሱን የሚሰጠው ማታኒቫኑአ የተባለው አፈ ቀላጤው ነው። እሱ ሥሩን ከተቀበለ እንግዶቹ ተቀባይነት አገኙ ማለት ነው፤ ከዚህ በኋላ ደኅንነታቸው የመንደሩ ኃላፊነት ይሆናል።

የተወቀጠው ሥር ታኖአ በሚባል ትልቅ የእንጨት ገበቴ ውስጥ ከውኃ ጋር ታሽቶ ይጣራል። በኮኮናት ቅል ተቀድቶ ለባላባቱ፣ ቀጥሎም ለእንግዶቹ ይዞራል። ተራው የደረሰው አንድ ጊዜ ያጨበጭብና «ቡላ!» ብሎ በአንድ ትንፋሽ ይጨልጠዋል፤ ከዚያ ሦስት ጊዜ ይጨበጨባል። መጠጡ አልኮል የለውም፤ ግን ከንፈርና ምላስን ያደነዝዛል። ጣዕሙ? ጭቃ ጭቃ ይላል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀመሰ ሰው ፊቱን ላለማጨማደድ ይታገላል።

ይህ ሁሉ ለጌጥ ብቻ የሚመስለው ካለ የመሬቱን ነገር ይመልከት። ከፊጂ መሬት 90 በመቶ የሚጠጋው የነባር ጎሣዎች የጋራ ርስት ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። የውኃ ገንዳ የሚተከልበትን ቦታ ከጎሣዎቹ ጋር ሳይነጋገሩ ማግኘት አይቻልም። ዋና ከተማዋ ሱቫ ያለው መሥሪያ ቤት ወረቀቱ ላይ ማኅተም ቢመታ እንኳ ሥርዓቱን የዘለለ ሰው የሚገጥመው ጨዋነት የተሞላበት ዝምታ ነው፤ ዝምታው ደግሞ ከእምቢታ የበለጠ ሥራ ያስፈታል።

በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ በመምህሮቹ የሚታወቀው የአሜሪካ የሰላም ጓድ ፊጂ የደረሰው በ1968 ነው፤ በ1998 ወጥቶ በ2003 ተመልሷል። ሠልጣኞቹ ከቤተሰብ ጋር እየኖሩ ቋንቋውንና ልማዱን ይማራሉ። ሴቩሴቩም ከሚለምዷቸው ነገሮች አንዱ ነው።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2016 ዊንስተን የተባለው ከባድ አውሎ ነፋስ 44 ሰዎች ሲገድል የያንጎናን ማሳም አወደመ። ተክሉ ለመድረስ ዓመታት ስለሚፈልግ የሥሩ ዋጋ ሰማይ ነካ። በዚህ ሥርዓት ለሚኖር መንደር ይህ ቀላል ጉዳት አልነበረም።

ከአቀባበሉ በኋላም ታኖአው አይነሳም። ቡና ሦስተኛው እስኪደርስ ጨዋታው እንደሚሞቀው ሁሉ፣ እዚያም ቅሉ በዞረ ቁጥር ወሬው ይፈታል። ቧንቧው በማን ጓሮ እንደሚያልፍ፣ ቁልፉን ማን እንደሚይዝ፣ ሲበላሽ ማን እንደሚጠግን የሚነሳው በዚያ ሰዓት ነው። የቀኑን ስብሰባ ብቻ ተካፍሎ በጊዜ የተኛ ባለሙያ ይህን ሁሉ የሚሰማው በማግስቱ ነው።