ደጅ ጥናት ወይስ ገበያ ጥናት?

የንግድ ሥራ ትምህርት የሚማር ወጣት የዓመቱ ትምህርት ወደ ማለቂያው ሲቃረብ አንድ ጭንቀት ይይዘዋል፤ ይኸውም የተግባር ልምምድ የሚያደርግበትን ድርጅት የማግኘት ጭንቀት ነው። ከኮሌጁ የተጻፈለትን የትብብር ደብዳቤ ይዞ ከቢሮ ወደ ቢሮ ይመላለሳል። «ነገ ተመለስ» ይሉታል፤ በማግሥቱ ሲመለስ ደግሞ «የምታውቀው ሰው አለህ ወይ?» ይሉታል። አባቶቻችን ይህን ደጅ ጥናት ይሉት ነበር።

እኔም በተማሪነቴ ደጅ ጠንቻለሁ። ሦስት ሳምንት ተመላልሼ ከገባሁበት መሥሪያ ቤት የማርኬቲንግ ሥራ እማራለሁ ስል፣ ሁለት ወር ሙሉ ደብዳቤ ሳደርስና ፋይል ስደረድር ቆየሁ። ጥፋቱ ግን የእነርሱ ብቻ አልነበረም፤ ምን ልሠራላቸው እንደምችል እኔም አልነገርኋቸውም።

በቅርቡ የቀድሞ ተማሪዬ የሆነ አንድ የፎገራ ገበሬ ልጅ «መምህር፣ በከተማ ዘመድ የለኝም፤ ምን ላድርግ?» ሲል ጠየቀኝ። «ወረታን ትተህ የት ትሄዳለህ?» አልሁት።

ውድ አንባቢ፤ ማርኬቲንግ ከባሕር ማዶ በመጽሐፍ የመጣ ነገር ብቻ ይመስለን ይሆናል። ነገር ግን ከወረታ ወደ አዲስ ዘመን በሚወስደው መንገድ የምትገኘውን ይፋግን እናስታውስ። በ19ኛው መቶ ዓመት፣ አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ በሚያገለግልበት ጊዜ፣ ይፋግ ስመ ጥር ገበያ ነበረች። በዚያ የሚነግድ ሰው የትኛው ዕቃ፣ በየትኛው ወር፣ በየትኛው አገር እንደሚፈለግ ካላወቀ በቅሎውን ሽጦ በእግሩ መግባቱ ነው።

ዛሬ ደግሞ የፎገራ ጥያቄ ሩዝ ነው። ርብና ጉማራ በክረምት ሲሞሉ ሜዳው ውሃ ይተኛበታል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች አምራች ማኅበራት ሩዝ ካስሞከሩ ወዲህ ያ ረግረግ የሀብት ምንጭ ሆነ። ኤክስ ጅግና የሚባለውም ዘር የዚያን ቀበሌ ስም ይዟል። በወረታ የሩዝ መፈልፈያዎች ተደርድረዋል፤ የብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም በዚያው ነው። ይሁን እንጂ አገራችን ዛሬም ብዙ ሩዝ ከውጭ ትገዛለች። ስለ ምን? ይህ የማርኬቲንግ ጥያቄ ነው እንጂ የእርሻ ጥያቄ ብቻ አይደለም።

ልጁ ምክሬን ሰምቶ ወደ ጎንደር ወጣና ዐሥራ አምስት ሱቆችን እየዞረ ጠየቀ። ገሚሶቹ ባለሱቆች የተሰበረው ፍሬ ከሙሉው፣ ቀዩም ከነጩ ስላልተለየ ደንበኛ እንደሚሸሽ ነገሩት፤ ሌሎቹ ከጤፍ ጋር ለእንጀራ የሚፈልጉት ሴቶች ስለ ስብራቱ ግድ እንደሌላቸው አስረዱት። ይህን ሁሉ በአንድ ገጽ ጽፎ ወረታ ለሚኖሩ አንድ ባለ መፈልፈያ ሽማግሌ አቀረበ።

«ጋሼ፣ አንዱን ሩዝ ለሁለት ገበያ እየሸጡት ነው» አላቸው። ሽማግሌው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አስነበቡት። ከዚያ በኋላ «ደመወዝ የለኝም፤ ምሳ ግን አይቀርብህም። መቼ ትጀምራለህ?» አሉት። የኮሌጁ ደብዳቤ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ከኪሱ አልወጣም ነበር።

እንግዲህ ወጣቱ አንባቢ ሆይ፤ ደብዳቤው ያስፈልግሃል፤ በሩን የሚያስከፍትልህ ግን ብቻውን እርሱ አይደለም። ልትገባበት የምትሻውን ድርጅት አስቀድመህ ምረጥ። የሚሸጠውን ዕቃ እይ፤ የሚገዙትን ሰዎች ጠይቅ፤ የማይገዙትንም አትርሳ። ያገኘኸውን በአንድ ገጽ ጽፈህ ለባለቤቱ ራስህ አድርስ። «ሥራ ስጡኝ» ከማለት «ይህን ብሠራላችሁስ?» ማለት ይሻላል። አንዱ ቢመልስህ ወረቀቱ አይበላሽም፤ ጎረቤቱ ያነበዋል።

ዘመድ የሌለው ሰው ደጅ ሲጠና ዓመቱ ያልፍበታል። ገበያ ለማጥናት ግን ዘመድ አያስፈልግም፤ ገበያው ለሁሉም ክፍት ነው።