ድጎማው ከቆጣሪው ወደ ምጣዱ ይውረድ

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ከመብራት ጋር በተያያዘ ከመንግሥት የሚያገኘው ዋናው ድጋፍ በወር ሂሳቡ ውስጥ ተደብቆ የሚመጣ ነው። ለፈጀው ኪሎዋት ሰዓት ከማምረቻውና ከማድረሻው ወጪ ያነሰ ይከፍላል፤ ልዩነቱን ሌላው ይሸፍንለታል። ያንኑ ሥራ በአነስተኛ ኃይል የሚሠራ ምጣድ መግዛት ለሚፈልግ፣ ውኃውን በፀሐይ ማሞቅ ለሚሻ ቤተሰብ ግን ይህ ነው የሚባል ማበረታቻ የለም። ስንፈጅ እየተደጎምን፣ ስንቆጥብ ብቻችንን ነን ማለት ነው። ከዚህ ድጋፍ ከፊሉ በየወሩ ከሚከፈለው ሂሳብ ተነሥቶ አንድ ጊዜ ወደሚገዛው ዕቃ መዞር አለበት። ለዚህም ካሁኑ የተሻለ ጊዜ አይገኝም። ታሪፉ በየሩብ ዓመቱ ከፍ እያለ ነው፤ ከደምበል አንሥቶ እስከ ካሳንቺስ ያለው የቂርቆስ ክፍለ ከተማም በአብዛኛው እንደገና እየተሠራ ነው።

የታሪፉን ታሪክ ማስታወስ ይጠቅማል። የመብራት ዋጋ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ሳይነካ ቆይቶ በኅዳር 2011 ዓ.ም. የአራት ዓመት ጭማሪ ተጀመረ። በዚያ ማሻሻያ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት በነበረበት 0.273 ብር ሲቀጥል፣ ከ500 በላይ የሚጠቀመው በመጨረሻው ዙር 2.481 ብር ደረሰ። በመስከረም 2017 ዓ.ም. ሁለተኛው የአራት ዓመት ማሻሻያ ሲጀመር እስከ 50 ለሚጠቀሙት 75 በመቶ፣ እስከ 100 ለሚጠቀሙት 40 በመቶ ድጎማ እንደሚደረግ ተነገረ። ሐሳቡ ደግ ነው፤ ትንሽ የሚጠቀም ድኻ ነው ከሚል ግምት ይነሣል። ችግሩ ቆጣሪ ሰው አለመቁጠሩ ነው። በቂርቆስ የቀበሌ ቤቶች ሁለትና ሦስት አባወራ በአንድ ቆጣሪ መጠቀሙ የተለመደ ነው። ሦስት ቤተሰብ እያንዳንዱ 60 ኪሎዋት ሰዓት ቢጠቀም ቆጣሪው 180 ያነብባል፤ በ2014 ዓ.ም. ታሪፍ መሠረት የሚያርፉበት እርከን ዋጋ 1.625 ብር ነው። ለየብቻ ቆጣሪ ቢኖራቸው ኖሮ የ0.767 ብሩ እርከን ላይ ይቆሙ ነበር። በአንጻሩ አፓርታማ ገዝቶ ብቻውን የሚኖር፣ ቀኑን ሙሉ ቢሮ የሚውል ሰው ያለ ምንም ችግር ከድኻው እርከን ይገባል። ስለዚህ በፍጆታ ላይ የተመሠረተው ድጎማ ብዙ ጊዜ ተገቢውን ሰው ይስታል።

ቤት ውስጥ ኃይል የሚበላውን ዕቃ ስንፈልግ ከምጣድ አናልፍም። ተራው የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎዋት ይስባል። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው አንድ ሰዓት ተኩል ቢጋገርበት በወር 40 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ለዝቅተኛው እርከን የተፈቀደው 50 መሆኑን ስናስብ፣ እንጀራ የሚጋግር ቤተሰብ መብራትና ቴሌቪዥኑን ከማብራቱ በፊት የድጎማውን አብዛኛውን ክፍል ጨርሶታል። ኃይሉ የሚባክነው በምጣዱ አሠራር ነው። ሽቦው በወፍራም ሸክላ ሥር ይቀበራል፤ ሸክላው እስኪግል ረጅም ጊዜ ይፈጃል፤ ሙቀቱ ከሥርና ከጎን ይወጣል፤ አክንባሎው በተነሣ ቁጥርም ያመልጣል። ሸክላውን ማሳሳትና ከሥሩ ሙቀት የማያሳልፍ ነገር ማድረግ ለባለሙያዎች አዲስ ዕውቀት አይደለም። በኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 የተቋቋመው የኢነርጂ ባለሥልጣንም በዘመኑ ለምጣድ የኃይል ቁጠባ ደረጃ ለማውጣት ሠርቷል። ይሁን እንጂ ደረጃ ብቻውን ገበያ አይለውጥም። የተሻለው ምጣድ ከተራው ሲወደድ፣ ኑሮ የከበደው ገዢ ርካሹን ያነሣል፤ ሊፈረድበትም አይገባም።

በዚህ አገር እንዲህ ዓይነት ማበረታቻ አልተሞከረም ማለት አይቻልም። መብራት በፈረቃ በሚመጣበት በ2001 ዓ.ም. አካባቢ የያኔው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን በዓለም ባንክ ድጋፍ ቆጣቢ አምፖሎችን ገዝቶ አሮጌውን አምፖል ላመጣ ደንበኛ በነፃ ቀየረ። የመጀመሪያው ዙር 350 ሺህ አምፖል ነበር፤ ቀጥሎም በሚሊዮን የሚቆጠር እንዲታደል ታቀደ። የ60 ዋቱን ብርሃን በ11 ዋት የሚሰጥ አምፖል ሲቀየር፣ ምሽት ላይ የሚፈለገውን ኃይል ለማሟላት ናፍጣ ከማቃጠል እጅግ በረከሰ ዋጋ ኃይል ተገኘ። በዚያው ሰሞን ለገጠር ከተሞች የተቀረጸው የመስመር ማስገቢያ ድጋፍም ደንበኛው ከወጪው ጥቂቱን በቅድሚያ፣ ቀሪውን እስከ አምስት ዓመት ከወር ሂሳቡ ጋር እንዲከፍልና ሁለት ቆጣቢ አምፖል አብሮ እንዲያገኝ ያደርግ ነበር። የአማራ ክልልን ጨምሮ በአራት ክልሎች የተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም ደግሞ ማብላያ ለሚሠራ ገበሬ ከወጪው ከፊሉን ይደጉም ነበር። በመጀመሪያው ምዕራፍ 14 ሺህ ታቅዶ የተሠራው 8 ሺህ ገደማ ነው። ዕቅዱን አልመታም፤ ነገር ግን ገንዘቡ በወር ሂሳብ ውስጥ አልተነነም፤ በገበሬው ግቢ የሚታይና የሚቆጠር ሥራ ሆነ።

ከሁሉ ቀድሞ የሚነሣው ተቃውሞ የሕዳሴው ግድብ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀ፣ 5,150 ሜጋዋት የሚያመነጭ ግድብ ይዘን ስለ ቁጠባ ምን አስጨነቀን ይባላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ግድቡና ቤታችን መካከል ባለው መንገድ ላይ ይገኛል። ግድቡ ካለበት ከጉባ የመጣው ኃይል ቂርቆስ ቤት እስኪገባ በማከፋፈያ ጣቢያና በሰፈር ትራንስፎርመር ያልፋል። በበዓል ዋዜማ አንድ ሺህ ምጣድ በአንድ ሰዓት ቢሰካ 3.5 ሜጋዋት በአንዴ ይጠየቃል፤ ያን ጊዜ የሚከብደው የግድቡ ውኃ ሳይሆን የመንደሩ መስመር ነው። መብራት ሲቆራረጥም ቤተሰቡ ወደ ከሰል ይመለሳል። ሌላም አለ። ኬንያ ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ኃይል በዶላር ትገዛናለች። ከሶዶ ወደ ሱስዋ የተዘረጋው መስመር 2 ሺህ ሜጋዋት መሸከም ሲችል፣ የውሉ መነሻ 200 ነበር። እዚህ ቤት ውስጥ በከንቱ የሚግል ሸክላ የሚወስደው ኃይል ገዢ ያለው ዕቃ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ማበረታቻ ሁልጊዜ ያለውን ሰው ይጠቅማል የሚለው። ማስረጃው ሩቅ አይደለም። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2023 ለአንድ ዓመት፣ ጣሪያው ላይ የፀሐይ ፓኔል ላስገባ ሰው የፓኔሉን ዋጋ 25 በመቶ፣ እስከ 15 ሺህ ራንድ፣ ከገቢ ግብሩ ቀነሰችለት። ገቢ ግብር የማይከፍል፣ የራሱ ጣሪያ የሌለው ሰው ግን ከዚህ ምንም አላገኘም። እኛም በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ መኪናን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነፃ አድርገን ነበር፤ ተገጣጥሞ የሚገባው እንዲከፍል የተወሰነው የጉምሩክ ቀረጥ 15 በመቶ ነበር፤ ተበታትኖ ለሚገባው ቀረጡም ቀርቶ ነበር። ነዳጅ ለማዳን የተደረገውን ይህን ውሳኔ አልነቅፍም። ሆኖም ለመኪና ገዢ የተገኘ ብልሃት ለእንጀራ ጋጋሪዋ ለምን ይጠፋል? ለምጣድ የሚደረገው ድጋፍ በግብር ቅናሽ በኩል መምጣት የለበትም። የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ከምጣድ ሠሪዎች ጋር ተዋውሎ፣ ደንበኛው አሮጌውን አስረክቦ አዲሱን ይውሰድ፤ ቀሪውን ከመብራት ሂሳቡ ጋር በቴሌብር እየከፈለ ይጨርስ። በወር የሚከፍለው ክፍያ ከሚቆጥበው እንዳይበልጥ ተደርጎ ከተሰላ ማንም አይጎዳም። ዩጋንዳ እ.ኤ.አ. በ2021 በወር ከ81 እስከ 150 ኪሎዋት ሰዓት ላለው ፍጆታ ለምግብ ማብሰያ የሚሆን ቅናሽ ታሪፍ አውጥታለች። ሰውን ከከሰል ለማውጣት የታሰበ ነው፤ ያለ ጥሩ ምድጃ ግን ቅናሹ በብክነት ያልቃል።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ ለሚለው ምንጩ ሩቅ አይደለም። አዲሱ የተጨማሪ እሴት ታክስ ሥርዓት በወር ከ200 ኪሎዋት ሰዓት በላይ የሚጠቀም መኖሪያ ቤትን 15 በመቶ ያስከፍላል። ከዚህ ገቢና ከታሪፍ ጭማሪው ጥቂቱ ለዚህ ዓላማ ቢለይ፣ ብዙ የተጠቀመው ትንሽ ያለውን ያግዛል። ለጣሪያ ሶላር ግን አሁን አልቸኩልም። መረባችን ከሞላ ጎደል በውኃ ኃይል የሚሠራ ስለሆነ፣ ሕንፃ ላይ ያለ ፓኔል ጀርመን ውስጥ እንደሚተካው የድንጋይ ከሰል እዚህ የሚተካው የለም። የፀሐይ ውኃ ማሞቂያ ግን ቦይለሩን በቀጥታ ያሳርፈዋል። ባርቤዶስ እ.ኤ.አ. በ1974 ለማሞቂያ አምራቾች የቀረጥ ነፃ ዕድል ሰጥታ፣ ቀጥላም ለገዢው ግብር ቀንሳ ማሞቂያውን የደሴቲቱ የተለመደ ዕቃ አድርጋዋለች። እስራኤል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980 አዲስ መኖሪያ ሕንፃ ያለ ፀሐይ ማሞቂያ እንዳይሠራ በሕግ ደነገገች። በካሳንቺስ ለሚነሡት ሕንፃዎች ሁለቱን ማጣመር ይቻላል፦ ማሞቂያውና ቧንቧው በፕላኑ ላይ ከሌለ የግንባታ ፈቃድ አይሰጥ፤ ላስገባ አልሚ ዕቃው ያለ ቀረጥ ይግባለት። ከተሠራ ሕንፃ ግድግዳ ሰንጥቆ ቧንቧ መዘርጋት በኋላ ለነዋሪው የሚተርፍ ወጪ ነው።

በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ከካሳንቺስ ተነሥተው ገላን ጉራ የገቡት ቤተሰቦችም ከዚህ ሊወጡ አይገባም። እንዲያውም መጀመሪያ ሊደርሳቸው ይገባል። በአንድ ግቢ ቆጣሪ ይጋሩ የነበሩ አባወራዎች አሁን ለየቤታቸው ቆጣሪ ካገኙ፣ የእያንዳንዱን ፍጆታ ለመጀመሪያ ጊዜ ለይቶ ማየት ተችሏል ማለት ነው። የምጣድ ቅያሪው ከዚያ ሰፈር ቢጀመርና የስድስት ወር ንባቡ ከቀድሞው ጋር ቢነጻጸር፣ የገንዘብ ሚኒስቴርና የኤሌክትሪክ አገልግሎት በግምት ከመከራከር ወጥተው የእያንዳንዱ ብር ድጋፍ ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንዳዳነ ያውቃሉ።